ግሩንትቪግ፦ የወጣት ገበሬዎች ትምህርት አባት

ኒኮላይ ግሩንትቪግ እ.ኤ.አ. በ1783 በዴንማርክ ኡድቢ መንደር ከቄስ ቤተሰብ ተወለዱ። እርሳቸውም ቄስ፣ የመዝሙርና የታሪክ ጸሐፊ ነበሩ። የዘመኑ ትምህርት በላቲን ሽምደዳ ላይ ያተኮረና ገበሬውን ያገለለ ስለነበር፣ ወጣቱ በራሱ ቋንቋ ያለ ፈተና የሚማርበት የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ሳያሰልሱ ወተወቱ። በሐሳባቸው መነሻነት የመጀመሪያው በ1844 በሮዲንግ ተከፈተ። የገበሬ ልጆች በብርዱ ወራት፣ የእርሻ ሥራ ጋብ ሲል፣ እዚያው እያደሩ ይማሩ ጀመር።

ግሩንትቪግ በ1872 አረፉ። የእህል ዋጋ ወድቆ ገበሬው ፊቱን ወደ ወተት ሲያዞር፣ በ1882 በዬዲንግ ፈር ቀዳጁ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ለተቋቋሙት ማኅበራት ብዙዎቹን መሪዎች ያፈሩት እነዚሁ ትምህርት ቤቶች ናቸው።

ለወጣት አባላት ሥልጠና የምንመድበው በጀትም ለነገው አመራር የሚዘራ ዘር ነው።