የባሮች ባርያ

አንባቢ ሆይ፥ ሰው በተሾመ ጊዜ በስሙ ላይ የክብር ስም መጨመር ይወዳል። ከ1,400 ዓመት በፊት ግን በሮም ከተማ አንድ ታላቅ ሹም ሴርዉስ ሴርዎሩም ዴይ ተብሎ መጠራትን መረጠ። ይህም በሮማይስጥ ቋንቋ የእግዚአብሔር ባሮች ባርያ ማለት ነው። ሴርዉስ የሚለው ቃል፥ በግእዝ ገብር እንደምንለው ሁሉ፥ በገንዘብ የሚገዛውን ባርያ ያመለክታል።

ይህ ሰው ታላቁ ጎርጎርዮስ ነው። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ540 ገደማ ከባለጸጎች ወገን ተወለደ። በጕልማስነቱ የከተማይቱ ገዥ ሆነ፤ ኋላ ግን ሹመቱን ትቶ የአባቱን ቤት ገዳም አደረገው። በ590 ቸነፈር የሮምን ሊቀ ጳጳሳት በገደለ ጊዜ ሕዝቡ ጎርጎርዮስን በመንበሩ አስቀመጡት። እርሱም ከሲሲልያ እህል እያስመጣ ለድሆች አከፋፈለ። የቍስጥንጥንያው ዮሐንስ የዓለም ሁሉ ፓትርያርክ በተባለ ጊዜ ጎርጎርዮስ ነገሩን አጥብቆ ተቃወመ፤ ለራሱም እንዲህ ያለውን ስም አልቀበልም አለ።

ከመሾሙ አስቀድሞ በሮም ገበያ ለሽያጭ የቆሙ የእንግሊዝ ልጆች አይቶ እንዳዘነ ይተረካል። በ596ም ወንጌልን የሚሰብኩ መነኮሳት ወደ አገራቸው ላከ። በ19ኛው መቶ ዓመት በእኛ በየጁቤም ገበያ ከዓባይ ማዶ የመጡ ሰዎች ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋራ ይሸጡ ነበርና፥ የዚህን ቃል ምሬት አገራችን ታውቀዋለች።

ጎርጎርዮስ በ595 ገደማ ሞንታናና ቶማስ የሚባሉትን ሁለት ባሮች አርነት አወጣ። ምክንያቱንም ሲሰጥ፥ ጌታችን ሥጋ የለበሰው ሰውን ከባርነት ሊፈታ ስለ ሆነ ነው ብሎ ጻፈ። ይሁን እንጂ በ604 በሞተ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ርስት የሚያርሱት ብዙዎች ባሮች በባርነታቸው ቀሩ። የባሮች ባርያ የተባለው ሰው የባሮች ጌታ ሆኖ ሞተ። መልካም ሰው ነበረ፤ ስሙ ግን ከሥራው ቀደመ።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ በአገራችን የባርነት ሕግ በ1934 ዓመተ ምሕረት በአዋጅ ተሻረ። ዛሬ ገብረ ክርስቶስ ወይም አመተ ማርያም ተብለን ስንጠራ፥ በቤታችን እንጀራ የምትጋግረው ልጅ ደመወዝዋን በቀኑ ትቀበላለችን? ስትታመምስ ታርፋለችን? ጎርጎርዮስ ሁለቱን ፈትቶ ብዙዎቹን ተወ። እኛ በእጃችን ያለችው አንዲት ብትሆን፥ ከእርስዋ እንጀምር።