የባላጋራውን ካርታ ያየው ሰው

ቁማር አልጫወትም። የሄርበርት ያርድሊ ታሪክ ግን የሕግ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1889 ኢንዲያና ውስጥ ወርዚንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ፣ ፖከርን ገና በወጣትነቱ እዚያው መጠጥ ቤት ተማረ። አምስት ካርታ ተሰጥቶ የማይረባው በሚለወጥበት የፖከር ዓይነት ጭንቁ መጀመሪያ የሚያስይዙት ገንዘብ መጠን ነው፤ ሲያንስ ሁሉም ይከተላል፣ ሲበዛ ሁሉም ካርታውን ጥሎ ይወጣል።

በ1921 በተከፈተው የዋሽንግተን የባሕር ኃይል ጉባኤ ያርድሊ ይህን ጭንቅ ለአገሩ አቃለለላት። ጃፓኖች ከአሜሪካ ጋር አሥር ለሰባት እንሁን ብለው ድርቅ አሉ። የቶኪዮን የምሥጢር ቴሌግራም የሚፈታው የያርድሊ ቢሮ ግን፣ ሲጨንቃቸው አሥር ለስድስትን እንደሚቀበሉ ደረሰበት። አሜሪካኖች ስድስት ላይ ቆሙ፤ ጃፓንም ተቀበለች። (የሰው ካርታ አይቶ ማስያዝ ጨዋታ ከተባለ ነው እንግዲህ።)

ቢሮው በ1929 ተዘጋ። ሥራ ፈቶ የቀረው ያርድሊ በ1931 ምሥጢሩን ሁሉ በመጽሐፍ አወጣው። ሁለተኛው ረቂቁ በ1933 መጀመሪያ በመንግሥት ተያዘ፤ የዲፕሎማቲክ ኮድ ማሳተምን የሚከለክለው ሕግ የወጣው ግን ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በጁን ወር ነው። በአንድ ሰው ምክንያት የተጣደፈ ሕግ አይጥመኝም። ሰውየውን ንጹሕ ነው ብዬ ግን አልከራከርለትም፤ የታመነበትን ሸጧል።

በኋላ ለቻይናው ቺያንግ ካይሼክ ሠራ። በ1957 የፖከር መጽሐፍ ጽፎ፣ ደካማ ካርታ የያዘ ሰው ሳያስይዝ እንዲወጣ መከረ። በተከታዩ ዓመት ሞተ፤ የተቀበረውም በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ነው።