አባ ኢየሱስ ሞዐ
አባ ኢየሱስ ሞዐ (1214 ገደማ – 1293 እ.ኤ.አ.) የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን የመሠረቱ መነኩሴና መምህር ናቸው። ገዳሙ በደቡብ ወሎ፣ ከውጫሌ ወደ ደሴ ሲኬድ በሚገኘው በሎጎ ሐይቅ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ደሴት የነበረው ቦታ ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት
የተወለዱት ዳህና በተባለ ቦታ ነው። በወጣትነታቸው ትግራይ ወደሚገኘው ደብረ ዳሞ ሄደው በአባ ዮሐኒ ሥር መነኮሱ፤ ጸሎትና ጾምን ብቻ ሳይሆን መጻሕፍት መገልበጥንም እዚያ ተማሩ። በ1248 ወደ ሐይቅ መጡ። በደሴቱ ላይ የእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ ነበረ፤ ትውፊት ከንጉሥ ድልነዓድ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። እርሳቸው የጨመሩት የአንድነት ገዳምና ትምህርት ቤት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለዓመታት እዚህ ተምረዋል፤ በጣና የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች አባ ኂሩተ አምላክም ከደቀ መዛሙርታቸው ይቆጠራሉ። ከእርሳቸው በኋላ የሐይቅ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት በሚለው ማዕረግ በቤተ መንግሥት ትልቅ ስፍራ ነበራቸው።

ወንጌሉና ገድሉ
ስለ አባ ኢየሱስ ሞዐ የሚነገረው አብዛኛው ታሪክ የተወሰደው ከገድላቸው ነው። ገድሉ የተጻፈው ግን ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1270 አፄ ይኩኖ አምላክ ዙፋን እንዲይዙ የረዱት እርሳቸው እንደሆኑ፣ በምላሹም ለገዳሙ ትልቅ ስጦታ እንደተሰጠ ይተርካል። የደብረ ሊባኖስ ወገን ደግሞ ይህንኑ ውለታ ለተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። ክርክሩ የመሬትና የማዕረግም ስለነበረ ሁለቱንም በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

በሕይወት ዘመናቸው የተጻፈ ምስክር ግን አለ። በ1280/81 አስጽፈው ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስካሁን በሐይቅ ይገኛል። በውስጡ የእርሳቸው ሥዕል፣ የስጦታ ማስታወሻና የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር አለበት። በሌላ አገር እንዲህ ያለው መረጃ ከመሬት ይወጣል፤ በሳምራውያን ቅዱስ ተራራ በገሪዛን ከ1982 ጀምሮ በተካሄደው ቁፋሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ የድንጋይ ጽሑፎች የተገኙ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ለመቅደሱ ስጦታ ያቀረቡ ሰዎችን ስም የያዙ ናቸው። በሐይቅ የሰጪው ስም የተቀመጠው በብራና ላይ ነው። ብራና ደግሞ እንደ ድንጋይ እሳትን አይችልም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር ደሴቱን ይዞ የገዳሙን ሀብት ሲወስድ ወንጌሉ ተርፏል።

ገድሉን በ1965 ስታኒስላስ ኩር አሳትመውታል። ታደሰ ታምራት በ1970 ባወጡት የሐይቅ አበምኔቶች ጥናት ከ1248 እስከ 1535 ያለውን ታሪክ መርምረዋል።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1293 አርፈዋል። መታሰቢያቸው ኅዳር 26 ነው።