የሶማሌ አርብቶ አደሮችን የከዋክብት ዕውቀት ለሁሉም ያዳረሱት ሙሳ ጋላል

ከጅግጅጋ በስተምሥራቅና በስተደቡብ፣ በቀብሪበያህና በሐርትሼክ በኩል አልፎ ወደ ሶማሌላንድ ድንበር የሚዘረጋው የሐውድ ምድር ሰፊ የግጦሽ ሀብት ቢኖረውም ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም። ሣሩም ሆነ በኩሬና በቢርካ የሚጠራቀመው ውኃ በዝናብ ላይ የተመሠረተ ነው። በመሆኑም ዝናብ የሚጠበቅበትን ጊዜ አስቀድሞ መገመት ለአርብቶ አደሩ የመንጋውና የቤተሰቡ ህልውና ጉዳይ ነው። መንጋውን ቀድሞ ያንቀሳቀሰ ደረቅ መሬት ላይ ይደርሳል፤ የዘገየም ከብቶቹን በመንገድ ላይ ያጣል።

ለዘመናት በዚህ ጉዳይ ምክር ሲጠየቁ የኖሩት ሰማይን አይተው ወቅትን የሚያሰሉ የአገር ሽማግሌዎች ነበሩ። ይህን ከአባት ወደ ልጅ በቃል ብቻ ይተላለፍ የነበረ ዕውቀት ሰብስበው ማንም ሊያነበው በሚችል መጽሐፍ ካቀረቡት ምሁራን መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት ሙሳ ሐጂ ኢስማኢል ጋላል ናቸው።

ሙሳ ጋላል የተወለዱት በቀድሞዋ የብሪታንያ ሶማሌላንድ ነው። እርሳቸው የተገኙበት የአርብቶ አደር ኅብረተሰብ ዝናብን ተከትሎ ሐውድን የሚያቋርጥ፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ በቋንቋ፣ በባህልና በዝምድና የተሳሰረ ነው። በዚህም ምክንያት የሰበሰቡት የከዋክብት ዕውቀት ለጅግጅጋና ለአካባቢዋ አርብቶ አደሮችም ባዕድ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፖላንድ ተወላጁ የቋንቋ ሊቅ ቦጉሚል አንድዤየቭስኪ ጋር በመሥራት ሶማልኛን በላቲን ፊደል ለመጻፍ የሚያስችል ሥርዓት አጥንተዋል። በለንደን የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤትም በምርምር ሥራ ተሳትፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1956 ሶማሌዎች በቃል የሚተርኳቸውን ታሪኮች የያዘ መጽሐፍ በለንደን አሳትመዋል። ሶማሊያ ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ የተቋቋመውን የሶማልኛ ቋንቋ ኮሚቴም በሰብሳቢነት መርተዋል።

የላቲን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1972 በሶማሊያ የሶማልኛ መጻፊያ ሆኖ በይፋ የጸደቀው የበርካታ ምሁራን ጥረት ተጨምሮበት ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ የሶማሌ ክልል ትምህርት ቤቶች ሶማልኛ የሚማሩ ሕፃናትም የሚጽፉት በዚሁ ፊደል ነው።

ሙሳ ጋላል በቋንቋ ጥናታቸው ወቅት የተገነዘቡት አንድ አሳሳቢ ጉዳይ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የዘመን አቆጣጠር ዕውቀት በባሕረ ሐሳብ መጻሕፍት ተጽፎ ለትውልድ ሲተላለፍ ቆይቷል። የሶማሌ አርብቶ አደሮች የሰማይ ዕውቀት ግን ማደሪያው የጥቂት አዋቂዎች አእምሮ ብቻ ነበር። ወጣቱ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ከተማ ባመራ ቁጥር ዕውቀቱን የሚረከብ ይጠፋል፤ አንድ አዋቂ ሲሞትም የያዘው ሁሉ አብሮት ይቀበራል። ይህን ለመታደግ ያሰባሰቡትን እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ሶማሌዎች የአየር ጠባይ፣ የሥነ ፈለክና የኮከብ ቆጠራ ዕውቀት በሚያትት መጽሐፍ መልክ በሞቃዲሾ ለኅትመት አብቅተዋል።

የዚህ ዕውቀት ዋነኛ መሠረት ጨረቃ በከዋክብት መካከል የምታደርገው ጉዞ ነው። ጨረቃ ሰማይን ዞራ ወደ ተነሳችበት ኮከብ ለመመለስ 27 ቀን ከሩብ ያህል ይወስድባታል። አዋቂዎቹም ጎዳናዋን በ28 ማረፊያዎች ከፍለው ለእያንዳንዱ ስም ሰጥተውታል። ከእነዚህም መካከል ከፍ ያለ ግምት የሚሰጣቸው ኡሩርና ዲሪር ናቸው። ኡሩር ሰባቱ ከዋክብት በመባል የሚታወቁት ስብስብ ሲሆን ዲሪር በሰንቡላ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የምትገኘው ብሩህ ኮከብ ነች። ጨረቃ በየትኛው ሌሊት፣ በምን ያህል ዕድሜዋ ከእነዚህ ጋር እንደምትገናኝ መከታተል የወቅት ስሌት ዋና ዘዴ ነበር።

ይህንን ዛሬም ያለ ምንም መሣሪያ ማየት ይቻላል። በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ቀናት ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ከጅግጅጋ ሰማይን ለሚመለከት ሰው ኡሩር በምዕራብ አድማስ በኩል ዝቅ ብሎ ሲታይ ዲሪር ደግሞ በምሥራቅ በኩል ወጥታ ትታያለች። ወቅቱ ጉ የሚባለው የዝናብ ጊዜ የሚጠበቅበት ነው። ኡሩር ከዚያ በኋላ ለሳምንታት በፀሐይ ብርሃን ተሸፍኖ ከዓይን ይሰወራል።

ከጨረቃ ስሌት ጎን ለጎን ሶማሌዎች ደብሺድ በተሰኘው የእሳት ማብራት በዓል የሚጀምር የ365 ቀን ዓመት አላቸው። በዓሉ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ የሚያበራውን የደጋ ነዋሪ ልማድ የሚያስታውስ ነው። ጳጉሜን 6 የሌለው የ365 ቀን ዓመት በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ያህል ከትክክለኛው ወቅት ይርቃል። ከዋክብት ግን በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት ስለሚመለሱ በሰው ዕድሜ የሚታወቅ ስህተት አያሳዩም።

ዓመቱ ጉ፣ ሐጋ፣ ዴይርና ጂላል በተሰኙ አራት ወቅቶች የተከፈለ ነው። ሆኖም በሰሜናዊው የክልሉ ክፍል፣ ከጅግጅጋ እስከ ሽንሌና አይሻ ባለው አካባቢ፣ በክረምት ወራት የሚጥለው ከረን የተባለው ዝናብ ከፍተኛ ድርሻ አለው። በዚህ ሳቢያ በሌላ አካባቢ የሚሠራ ስሌት በሰሜን እንዳለ ላይሠራ ይችላል። የዕውቀቱ በጽሑፍ መስፈር አንዱ ጥቅምም የአንዱን አካባቢ ስሌት ከሌላው ጋር ለማነጻጸርና ለመመርመር ማስቻሉ ነው።

በመጽሐፉ የተካተተው ሁሉ እኩል የሚጸና አይደለም። ከዋክብት ወቅቱ መድረሱን በትክክል ያመለክታሉ፤ በዚያ ዓመት ዝናቡ መዝነብ አለመዝነቡን ግን አይናገሩም። ሙሳ ጋላል ስሌቱንም ሆነ የኮከብ ቆጠራ እምነቱን አብረው መመዝገባቸው አንባቢ አንዱን ከሌላው ለይቶ እንዲመዝን ዕድል ሰጥቷል።

በዓለም የሥነ ፈለክ ታሪክም ተመሳሳይ አርአያ የሆኑ ሰዎች አሉ። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ አርጌላንደር እ.ኤ.አ. በ1844 ሙያቸው ያልሆነ የሰማይ አፍቃሪዎች በከዋክብት ጥናት እንዲሳተፉ ጥሪ አቅርበዋል። ከረዳቶቻቸው ጋር ሆነው የ324 ሺህ 198 ከዋክብትን ሥፍራ የያዘ መዝገብም እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1862 ባለው ጊዜ አሳትመዋል። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር በሰበሰበችው መረጃ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው መዝገብ ደግሞ 1 ነጥብ 8 ቢሊዮን ያህል የሰማይ አካላትን ይዟል። ይህ መዝገብ ያለ ክፍያ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ኢንተርኔት ያገኘ የጅግጅጋ ተማሪ በአውሮፓ ያለ ተመራማሪ የሚጠቀምበትን ያንኑ መረጃ ማግኘት ይችላል።

ሙሳ ጋላል እ.ኤ.አ. በ1980 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ ስላለው የከዋክብት፣ የወቅቶችና የአየር ጠባይ ዕውቀት ያዘጋጁት ሌላው ሥራቸው ካረፉ ከ12 ዓመት በኋላ በኒጀር ዋና ከተማ ኒያሚ ታትሟል። እርሳቸው የመዘገቧቸው ከዋክብት በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ስም፣ ወቅትና ተግባር አላቸው። ዘመናዊ የከዋክብት መዝገቦች ኡሩርና ዲሪር በሰማይ ላይ ያላቸውን ሥፍራ በትክክል ይናገራሉ። የሐውድ እረኛ በእነርሱ አማካይነት ምን ይወስን እንደነበር የሚናገረው ግን ሙሳ ጋላል ከሽማግሌዎች አንደበት ሰብስበው ለተከታዩ ትውልድ ያስረከቡት ጽሑፍ ነው።