የስኳር መለኪያችን አባት፦ ዶክተር ሌላንድ ክላርክ

ስኳር ያለብን ብዙዎች ነን፤ ጣትን ወግቶ፣ ጠብታ ደም አስነክቶ ቁጥሩን መጠበቅ ለምደናል። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ግን ብዙም አንጠይቅም። ዛሬ የሐሳቡን ባለቤት ሕይወት እናወራችኋለን።

ዶክተር ሌላንድ ክላርክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ተወለዱ። በ1944 እዚያው የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው ኦሃዮ ውስጥ የሎው ስፕሪንግስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄዱ። በዚያም በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ሳንባን የሚተካ፣ ደምን ከኦክስጅን አረፋ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ ሠሩ። ሥራቸውን ጽፈው ለመጽሔት ሲልኩ ግን አዘጋጁ መለሰባቸው፤ ከመሣሪያው የሚወጣው ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘ መለካት አልቻሉምና። እውነት ለመናገር አዘጋጁ ልክ ነበር። ሳይለኩ በበሽተኛ ላይ መሞከር በሰው ነፍስ መጫወት ነው።

የፕላቲኒየም ሽቦ ጥቂት ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ፣ ኦክስጅን በበዛ ቁጥር የኤሌክትሪኩ ፍሰት እንደሚበዛ ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ደም ውስጥ ግን ሽቦው ወዲያው ይቆሽሻል። በ1954 ዶክተር ክላርክ ሽቦውንና ጓደኛውን የብር ሽቦ አንድ ላይ በስስ ፕላስቲክ ሸፈኗቸው። ኦክስጅን ያልፋል፣ ደሙ ውጭ ይቀራል። ደሙ ግን መንቀሳቀስ ነበረበት። ሽቦው ፊት ለፊቱ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ስለሚበላ፣ የቆመ ደም ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ከብት ኩሬን ጠጥቶ ያደርቃል፤ ወንዝን ግን አይጨርስም።

በ1962፣ አላባማ ሳሉ፣ ከቀዶ ሐኪሙ ቻምፕ ላየንስ ጋር ሆነው ወደ ስኳር ዞሩ። በቀዶ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ደሙ ሳይቋረጥ እንዲለካ ፈለጉ። ጠላ የጠመቃችሁ እናቶች ብቅልን ታውቃላችሁ፤ እህሉን ወደ ስኳር የሚለውጠው በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው። እርሳቸውም የደም ስኳርን ለይቶ የሚያውቅ ኢንዛይም በፕላስቲኩ ዘንድ አኖሩ። ይህ ኢንዛይም ስኳር ሲያገኝ ኦክስጅን ይበላል፤ በጎደለው ኦክስጅን ልክ ስኳሩ ይታወቃል። ለእኔ ትልቁ ብልሃታቸው ይህ ነው።

በዚህ ሐሳብ የተሠራ መሣሪያ በ1975 ከዚያችው ከየሎው ስፕሪንግስ ለገበያ ወጣ። ዛሬ በየቤታችን ያለችው ትንሿ መለኪያም የዚያው ዘር ናት።

በ1966 ደግሞ አይጥ ኦክስጅን በሞላው ፈሳሽ ውስጥ ጠልቃ እንድትተነፍስ አድርገው ብዙዎችን አስገርመዋል። ከ1968 ጀምሮ በሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ሲሠሩ ቆዩ። በ2005 የሩስ ሽልማት ተሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት፣ በሴፕቴምበር ወር፣ በ86 ዓመታቸው አረፉ።