ከእንጨት ክንፍ እስከ ጠፈር፦ የሰርጌይ ኮሮሊዮቭ ጉዞ

ሳይንስ ከጥቂት ምሑራን አእምሮ ብቻ እንደሚፈልቅ አድርጎ ማቅረብ የከበርቴው አስተሳሰብ የተለመደ ፈሊጥ ነው። የሰርጌይ ኮሮሊዮቭ ሕይወት ይህን ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1907 ዛሬ በዩክሬን በምትገኘው የዢቶሚር ከተማ የተወለደው ኮሮሊዮቭ የመጀመሪያ ሙያውን የቀሰመው በኦዴሳ የግንባታ ሙያ ትምህርት ቤት ነበር። በ1924፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ኬ-5 የተባለ ግላይደር፣ ማለትም ሞተር አልባ አውሮፕላን ነደፈ።

የዚያን ዘመን ግላይደር ከእንጨትና ከጨርቅ የሚሠራ ነበር። ወጣቶች ተሰብስበው ከኮረብታ ላይ የላስቲክ ገመድ ወጥረው ይለቁታል፤ ከዚያ በኋላ አብራሪውን የሚደግፈው ነፋስና የራሱ ብልሃት ብቻ ነው። ሞተር የለምና ማረፊያውን የሳተ ተመልሶ ከፍ ሊል አይችልም። ኮሮሊዮቭም በ1925 ኪየቭ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በሠራው ግላይደር ሲለማመድ ሁለት የጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ። ከበረራ ግን አልራቀም። በ1929 ከሊዩሺን ጋር የነደፈውን ኮክቴቤል የተባለ ግላይደር በክራይሚያ ራሱ አብርሮ ከአራት ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆየ። በ1931 ደግሞ ሞስኮ ውስጥ ከእነ ፃንደር ጋር ሆኖ በግላይደር ላይ ሮኬት የመግጠም ጥናት ጀመረ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዝምታ ማለፍ አይገባም። በ1938 በሐሰት ክስ ታሰረ። በባልደረቦቹ ላይ በድብደባ የተገኘ ቃል በማስረጃነት ቀረበበትና በሳይቤሪያ ጫፍ ወደሚገኘው የኮሊማ ወርቅ ማዕድን ተጋዘ። እዚያም በረሃብና በበሽታ ሊሞት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ይህን ያደረገበት የውጭ ጠላት ሳይሆን ራሱን የሠራተኛው መደብ ዘብ ብሎ የሰየመ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ነው። የካቲት 28 ቀን 1940 (እ.ኤ.አ.) እርሱ ከነደፈው ግላይደር የተገኘው አርፒ-318 በሌላ አውሮፕላን ተጎትቶ ከተለቀቀ በኋላ ሮኬቱን አቀጣጥሎ በረረ። አብራሪው ፊዮዶሮቭ ነበር፤ ነዳፊው እስረኛ ነበር።

በ1944 ተፈታ። ከክሱ ሙሉ በሙሉ ነፃ የተባለው ግን በ1957 ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እርሱ የመራው ቡድን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን አመጠቀ፤ በ1961 ደግሞ ጋጋሪንን። ሶቪየት ኅብረት የዋና ነዳፊዋን ማንነት በምስጢር ስለያዘች፣ ሕዝቡ ስሙን በጋዜጣ ያነበበው በጥር 1966 ከሞተ በኋላ ነበር።