ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ፦ ለዓለም ሰላም ዘምተው በአገራቸው ፍርድ ያጡ የጦር መሪ

ኮሪያና ኮንጎ እጅግ የተራራቁ አገሮች ናቸው። በኢትዮጵያ የጦር ታሪክ ውስጥ ግን የሁለቱንም ስም ከሚያገናኙ ሰዎች መካከል ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ቀዳሚውን ሥፍራ ይይዛሉ። በኮሪያ የኢትዮጵያን ዘማች ጦር መርተዋል፤ በኮንጎ ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆነው አገልግለዋል።

የእነዚህ ዘመቻዎች ሥር የሚገኘው በ1928ቱ በደል ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር የመንግሥታት ማኅበር አባል አገሩን ከጥቃት ሊያድን አልቻለም። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር ወደ ደቡብ ሲሻገርና የተባበሩት መንግሥታት የርዳታ ጥሪ ሲያሰማ፣ ጮኻ ሰሚ ያጣችው ኢትዮጵያ ጥሪውን ሰምታ ምላሽ ሰጠች።

ከክብር ዘበኛ የተመለመለው ሻለቃ ጦር በራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው ተብሎ ተሰየመ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎም በማያውቀው ተራራና በበረዶ ምድር ተዋጋ። በየተራ ከተላኩት ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል ከ120 በላይ ሲሠዉ ከ500 በላይ ቆስለዋል። አንድም ወታደር ለጠላት እጁን አልሰጠም። ኢትዮጵያውያኑ በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ላጡ የኮሪያ ሕፃናትም ማሳደጊያ አቋቁመው ከደመወዛቸው ይደግፉ ነበር።

ኮንጎ ሰኔ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ከቤልጅግ ቅኝ አገዛዝ ነፃ በወጣች በቀናት ውስጥ ሠራዊቷ አመፀ፤ በማዕድን የበለጸገችው የካታንጋ ግዛትም ተገነጠልሁ አለች። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሲላክ ኢትዮጵያ የጠቅል ብርጌድን አዘመተች። መስከረም 1954 ዓ.ም. የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ ዳግ ሐመርሾልድ ለዚሁ ጉዳይ ሲጓዙ በአውሮፕላን አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። ጄኔራል ከበደ የጠቅላይ አዛዥነቱን ኃላፊነት የተረከቡት ከዚያው አደጋ በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. ነበር።

ሥራው እንደ ተራ ጦርነት አልነበረም። ሰላም አስከባሪው ጠላት ብሎ የሚያጠፋው ወገን የለውም፤ የእርስ በርስ ጦርነት እንዳይቀጣጠል ኃይል እንዲጠቀም የተፈቀደለትም ሌላው አማራጭ ሁሉ ሲያልቅ ብቻ ነው። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከአውሮፓ የተውጣጡ፣ ቋንቋቸውም ሥልጠናቸውም የተለያየ ወታደሮችን በአንድ ትእዛዝ ማሳደር ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር።

ትዕግሥቱ ወሰን ላይ የደረሰው ታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. ነው። የካታንጋ ታጣቂዎች በኤልሳቤትቪል በነበሩት የኢትዮጵያ ወታደሮች ላይ ተኩስ ከፈቱ። የድርድሩ ጥረት ሳይሰምር ሲቀር፣ ታኅሣሥ 19 ቀን የተባበሩት መንግሥታት ጦር ማጥቃት ጀመረ። በካታንጋ የነበሩትን ኃይሎች የሕንዱ ጄኔራል ፕሬም ቻንድ ሲያዝዙ፣ የመላው ኮንጎ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ጄኔራል ከበደ ነበሩ። ጥር 13 ቀን ጦሩ ኮልዌዚ ገባ፤ መገንጠሉም አከተመ። ዛሬ ኮንጎ በአንድ ካርታ ላይ የምትታየው በዚያ ዘመቻ ደማቸውን ባፈሰሱ የብዙ አገሮች ወታደሮች ጭምር ነው።

ጄኔራሉ ወደ አገራቸው ተመልሰው እስከ መከላከያ ሚኒስትርነት ደረሱ። የካቲት 1966 ዓ.ም. የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሲወድቅ ሥልጣናቸው አበቃ፤ በኋላም ታሰሩ። ሕዝቡ በወሎ ረሃብና በአስተዳደር በደል ተቆጥቶ ባለሥልጣናቱ እንዲጠየቁ ይሻ ስለነበር፣ ጉዳዩን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ጄኔራል ከበደን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ በጥይት ገደለ። የሚጠየቁበት ጥፋት ቢኖር እንኳ በፍርድ አደባባይ ሳይሰሙ ቀሩ፤ ሕዝቡም እውነቱን የሚያውቅበት በር ተዘጋ።

ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የቃኘው ዘማቾችም ገድላቸውን በግልጽ የሚያወሱበት ጊዜ አለፈ። በደቡብ ኮሪያዋ የቹንቾን ከተማ ግን በ1960 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ ሐውልት እንደቆመ ነበር። ባዕዳን ያልረሱትን ባለውለታ የገዛ አገሩ ለረጅም ዓመታት ሳያነሣው ኖረ።

ለዓለም ሰላም የዘመተን ወታደር ማክበር በሐውልትና በአበባ ጉንጉን ብቻ አይፈጸምም። ከዘመቻ ሲመለስ ጡረታውንና ሕክምናውን ማግኘቱ፣ የሞተው ቤተሰብ አለመረሳቱ፣ ተከሳሽ ሲሆንም በዳኛ ፊት መቆሙ የክብሩ አካል ነው። ጄኔራል ከበደ ገብሬ በሌሎች አገሮች ሕግና ሥርዓት እንዲሰፍን ደክመዋል፤ በአገራቸው የተነፈጉትም ያንኑ ነበር።